በጦርነት ወቅት የተገኘ ድል፦ የዌስት ፖይንት ቡድን የ1944 የውድድር ዘመን እንደ ታሪክ ሰነድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የዛሬው ንግግሬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ የምድር ጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ የሆነው የዌስት ፖይንት አካዳሚ የፉትቦል ቡድን በ1944 ስላሳለፈው የውድድር ዘመን ነው። የማነሣቸው ዓመታትና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ። ፉትቦል ስል ደግሞ የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። አሜሪካውያን በዚህ ስም የሚጠሩት ጨዋታ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው፣ ሞላላውን ኳስ በአብዛኛው በእጅ ይዘው እየሮጡ ወይም እየወረወሩ፣ በአካል እየተጋፉ የተጋጣሚን መሬት በያርድ እየለኩ የሚነጥቁበት ነው። ኳሷን ይዞ የመጨረሻውን መሥመር ያለፈ ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ ተከታዩ ምት ከተሳካለት አንድ ይጨመርለታል። ጨዋታው የጦርነትን ቋንቋ በብዛት መዋሱ፣ የጦር ትምህርት ቤቶችም እንደ ራሳቸው ልጅ መቁጠራቸው የሚያስገርም አይደለም።

በየዓመቱ የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የጦርነትና የኅብረተሰብ ታሪክ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ከጦር ሜዳው ይልቅ የሚከራከሩበት ርእስ ይህ የስፖርት ቡድን ነው። ክርክራቸውም ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፦ እኩዮቻቸው በኖርማንዲና በፓሲፊክ ደሴቶች ሲረግፉ፣ ጠንካራ ጉልበት ያላቸው የሃያ ዓመት ወጣቶች ኳስ ይዘው እንዲሮጡ የፈቀደ መንግሥት ምን ዓይነት መንግሥት ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ወደ መልሱ ከመሻገሬ በፊት ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

ቡድኑ በዚያ መጸው ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸነፈ። ያስቆጠረው 504 ነጥብ ነበር፤ የተቆጠረበት 35 ብቻ። ፒትስበርግን 69 ለ7፣ ቪላኖቫን 83 ለ0፣ ፔንሲልቬንያን 62 ለ7 ረታ። እስከ 1943 ድረስ በነበሩት አምስት ዓመታት በኖትር ዳም ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ ማስቆጠር ተስኖት የኖረው ቡድን ኅዳር 11 ቀን በኒው ዮርኩ ያንኪ ስታዲየም 59 ለ0 አሸነፈው። ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ሲያሸንፈው የቆየውን የባሕር ኃይል አካዳሚ ደግሞ ታኅሣሥ 2 ቀን በባልቲሞር 23 ለ7 ድል አደረገው። የአሶሼትድ ፕሬስ የጋዜጠኞች ድምፅም የአገሪቱ አንደኛ አድርጎ መረጠው። አሰልጣኙ ኧርል ብሌክ ራሱ በ1920 ከዚያው አካዳሚ የተመረቀ ሲሆን፣ ኃላፊነቱን የተረከበው በ1941 ነው። ከእርሱ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ቡድኑ ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በሰባት ተሸንፏል፣ በአንድ አቻ ወጥቷል።

የስፖርት ጸሐፊዎች ይህን ትንሣኤ የሚተርኩት በብሌክ ብልኃትና በሁለት ወጣቶች ተሰጥኦ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ፊሊክስ ብላንቻርድና ግሌን ዴቪስ ይባላሉ። ሁለቱም የተወለዱት በታኅሣሥ 1924 ነው። ብላንቻርድ ግዙፍ ነበር፤ በተጋጣሚው መካከል ሰንጥቆ ያልፋል። ዴቪስ ፈጣን ነበር፤ በዳር በኩል ዞሮ ያመልጣል። በዚህም ምክንያት ጋዜጦች አንዱን የውስጡ ሰው፣ ሌላውን የውጭው ሰው ብለው ሰየሟቸው። ዴቪስ በዚያ ዓመት ብቻ ሃያ ጊዜ የመጨረሻውን መሥመር አልፏል። ሁለቱም ድንቅ ተጫዋቾች እንደነበሩ አልጠራጠርም። የምከራከረው በሌላ ነገር ላይ ነው። 504 ለ35 የሚለው ቁጥር ስለ ተጫዋቾቹ ከሚነግረን ይልቅ፣ አሜሪካ በዚያ ዓመት ወጣቶቿን በየት በየት እንደ ደለደለች የሚነግረን ይበልጣል። በእኔ ንባብ ይህ የውጤት መዝገብ የሰው ኃይል ድልድል ሰነድ ነው።

እንዴት ቢባል፦ በኅዳር 1942 የአሜሪካ ምክር ቤት የግዴታ ውትድርና ዕድሜን ወደ 18 ዝቅ አደረገ። በአንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ባዶአቸውን ቀሩ። በ1943 አላባማን፣ ቴነሲንና ፍሎሪዳን የመሳሰሉ በዚህ ጨዋታ የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን ማቋቋም እንኳ አልቻሉም። ቡድን የቀራቸውም ቢሆኑ የቀራቸው በጦሩ ቸርነት ነበር። ባሕር ኃይል ለመኮንንነት የሚያሠለጥናቸውን ወጣቶች በሲቪል ዩኒቨርሲቲዎች አስቀምጦ በግቢው ቡድን እንዲጫወቱ ሲፈቅድ፣ የምድር ጦር ግን በዩኒቨርሲቲዎች ያስቀመጣቸውን ሠልጣኞች ከውድድር ከልክሎ ነበር። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጠንካራ ቡድን ይኑረው አይኑረው የሚወሰነው በግቢው የሰፈረው የየትኛው ጦር ሠልጣኝ እንደ ሆነ ነበር። የቢሮ ደብዳቤ የጨዋታ ውጤት ሲወስን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ዌስት ፖይንት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበር። እጩ መኮንኖቹ ወታደሮች ናቸውና የሚጠራቸው ሌላ ጦር የለም። ጦርነቱ የአራት ዓመቱን ትምህርት ወደ ሦስት ዓመት ቢያሳጥረውም፣ ሦስት ዓመት በጦርነት ጊዜ ረጅም ዕድሜ ነው። በሰላም ጊዜ የማይፈቀድ ነገርም ተፈቅዶ ነበር፤ ገና የገባ ፍሬሽማን በዋናው ቡድን መሰለፍ ይችላል። ቀደም ሲል በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተም አካዳሚው ሲገባ እንደ አዲስ ይሰለፋል። ለምሳሌ ባርኒ ፑል ወደ ሃድሰን ወንዝ ዳር ከመምጣቱ በፊት ለሚሲሲፒና ለሰሜን ካሮላይና ተጫውቷል። ወደ አካዳሚው የሚገባው ደግሞ በምክር ቤት አባል ጥቆማ ስለሆነ፣ ኳስ የሚወድ የምክር ቤት አባል የሚያውቅ አሰልጣኝ ብዙ ማድረግ ይችላል። ዴቪስ መንታ ወንድሙ ራልፍም አብሮት እንዲገባ ይፈልግ ነበር፤ ለሁለቱም ጥቆማው ተገኘላቸው።

የዴቪስን ነገር ካነሣሁ ከፊት ለፊቴ ለተቀመጡት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የአገሪቱ ፈጣኑ ተጫዋች በመጀመሪያ ዓመቱ ከተጫወተ በኋላ በሒሳብ ወድቆ ከአካዳሚው ተሰናብቷል። ቤቱ ገብቶ፣ አጥንቶ፣ እንደገና ተፈትኖ ነው በ1944 የተመለሰው። ወደ ጦርነት ሊያቀና ከአካዳሚ ጥይት ሊማር የገባ ልጅ በሒሳብ ምክንያት መባረሩ ቢያስቃችሁም፣ የመድፍ መኮንን ያለ ሒሳብ የራሱን ወገን እንደሚመታ አካዳሚው ያውቅ ነበር።

የብላንቻርድ መንገድ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ለነጥቤ ይጠቅማል። በ1942 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነበር። በባሕር ኃይሉ የዩኒቨርሲቲ ሥልጠና ለመታቀፍ ቢያመለክት ክብደትህ በዝቷል ተብሎ ተመለሰ። በ1943 በግዴታ ውትድርና ተጠርቶ ተራ ወታደር ሆነ፤ በሐምሌ 1944 ዌስት ፖይንት ገባ። ከዚያ በኋላ በተጫወተባቸው ሦስት ዓመታት ባሕር ኃይል ከበዛ ክብደቱ ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኘ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፈ።

አሁን ተማሪዎቼ ወደሚከራከሩበት ጥያቄ እመለስ። ነገሩን በአንድ ቀን ላይ አስቀምጠን ብናየው ይሻላል። ጥቅምት 21 ቀን 1944 ቅዳሜ ነበር። በዚያ ቀን የጀርመኗ የአኸን ከተማ የመከላከያ ጦር ከሳምንታት የቤት ለቤት ውጊያ በኋላ ለአሜሪካኖች እጁን ሰጠ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 20 ቀን፣ የጄኔራል ማክአርተር ጦር ፊሊፒንስ ውስጥ ሌይቴ ደሴት ላይ አርፏል። ወታደሩን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ካመላለሱት መርከቦች አንዳንዶቹን የሚያንቀሳቅሱት የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ባልደረቦች ነበሩ። በዚያው ቅዳሜ፣ በዌስት ፖይንት ሜዳ፣ የምድር ጦር አካዳሚ የጠረፍ ጥበቃን አካዳሚ 76 ለ0 እያሸነፈ ነበር። ሦስቱን ዜናዎች የእሑድ ጋዜጣ አንባቢ አንድ ላይ አንብቧቸዋል ማለት ነው። አንባቢው ልጁ አኸን ላይ የወደቀበት አባት ሊሆን ይችላል።

ይህን በማንበብ ብቻ ቁጣ የሚሰማው ሰው ትክክል ነው። የሆነ ሆኖ ቁጣው በማን ላይ መሆን እንዳለበት ማጣራት የታሪክ ተመራማሪ ሥራ ነው። ለመንግሥቱ የሚቀርቡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም እኩል አይከብዱም።

የመጀመሪያው የሕዝብ ሞራል ነው። ይህኛው ለእኔ ደካማው ነው፤ ሞራል የሚባለውን ነገር ማንም ሳይለካው ሁሉም ይጠቅሰዋል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ ይህኛው ይለካል። በ1942 የቤንዚንና የጎማ ቁጠባ በመታወጁ የሁለቱ አካዳሚዎች ጨዋታ ወደ አናፖሊስ ትንሽ ሜዳ ተወሰደ፤ እንዲገቡ የተፈቀደላቸውም በአሥር ማይል ክልል ውስጥ የሚኖሩ ብቻ ነበሩ። የምድር ጦር እጩ መኮንኖች መጓዝ ስላልተፈቀደላቸው፣ ከባሕር ኃይሉ ተማሪዎች ከፊሎቹ የተጋጣሚያቸውን ቡድን እንዲደግፉ ታዘዙ። ወታደር ታዘዘ ማለት ታዘዘ ነውና በራሳቸው ቡድን ላይ እየጮኹ ዋሉ። በቀጣዩ ዓመት ዌስት ፖይንት ላይ የምድር ጦሩ ተማሪዎች በተራቸው ውለታውን መለሱ። በ1944 ግን ሁለቱ ቡድኖች በአገሪቱ ደረጃ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ሲገናኙ መንግሥት ጨዋታውን ከአናፖሊስ ወደ ባልቲሞር ትልቅ ስታዲየም አዛወረው። መግቢያ የሚያገኘው የጦርነት ቦንድ የገዛ ሰው ነበር። ከ66,000 በላይ ሰው ገባ፤ ከ58 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ቦንድም ተሸጠ። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አሁንም በሚያሰጋበት ወቅት የዌስት ፖይንት ተማሪዎች በወታደር ማመላለሻ መርከብ ተጭነው፣ በጦር መርከብ ታጅበው ወደ ባልቲሞር ወረዱ። ለኳስ ጨዋታ ደጋፊ በጦር መርከብ ሲታጀብ ታሪክ ሌላ ምሳሌ ቢኖረው ደስ ይለኛል።

ጨዋታው ራሱም ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ለወትሮው በሃምሳና በስድሳ ነጥብ ልዩነት የሚያሸንፈው ቡድን እስከ ሦስተኛው ሩብ መጨረሻ የመራው 9 ለ7 ብቻ ነበር። በመጨረሻው ሩብ ብላንቻርድ ኳሷን ደጋግሞ ተሸክሞ በመሐል ሰንጥቆ አስቆጠረ፤ ዴቪስም 50 ያርድ ሮጦ ደመደመው። ማክአርተር ከፓሲፊክ ግንባር ሆኖ የእንኳን ደስ አላችሁ ቴሌግራም ላከ። እንዲያው ለወግ ያህል የላከው አልነበረም፤ ከ1919 እስከ 1922 የአካዳሚው አዛዥ ሳለ እያንዳንዱ እጩ መኮንን በስፖርት ውድድር የመሳተፍ ግዴታ እንዲኖርበት ያደረገው እርሱ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ከዚህ ይመነጫል፤ እርሱም የማሠልጠኛ ተቋም ምንነት ነው። ጦርነት ምን ያህል እንደሚቆይ ሳይታወቅ የሚካሄድ ነገር ነው። በ1944 መጸው ጃፓን መቼ እጇን እንደምትሰጥ ማንም አያውቅም ነበር፤ በመሬቷ ላይ ገብቶ ለመዋጋት ዕቅድ እየወጣ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መኮንን ሊሆን የሚችለውን ወጣት ሁሉ ዛሬ ወደ ግንባር የሚልክ ጦር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወታደሩን የሚመራለት ያጣል። ዘር ለመብላት የተራበ ገበሬ የሚገጥመው ፈተና ነው። የዌስት ፖይንት የ1944 ክፍል የተመረቀው ሰኔ 6 ቀን፣ ሠራዊቱ ኖርማንዲ ላይ ባረፈበት ዕለት ነበር፤ ከተመራቂዎቹ አንዱ የዘመቻው ጠቅላይ አዛዥ ልጅ ጆን አይዘንሃወር ነው። አካዳሚው ወጣቱን ይይዛል፤ ጊዜው ሲደርስ ያስረክባል።

እንግዲህ መጠለያ ነበር ወይስ አልነበረም? ነበር። በሐምሌ 1944 ዌስት ፖይንት የገባ ወጣት የዓለምን ጦርነት በመማሪያ ክፍል ሆኖ ጨርሶታል። ከብላንቻርድ ጋር በአንድ ቀን ለውትድርና የተጠራ፣ ኳስ የማይጫወት፣ የምክር ቤት አባል የማያውቅ ወጣት ያን ዕድል አላገኘም። ይህን ሐቅ ለማለዘብ የሚሞክር ጽሑፍ ባነብብ አልቀበለውም። ነገር ግን መጠለያው የተሠራው በተጫዋቾቹ እጅ አይደለም፤ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ታዝዞ የሄደበትን ቦታ እንደ ጥፋት መቁጠር ለታሪክ ጸሐፊ ይቀላል እንጂ ፍትሕ አይደለም።

የዕድሉ ነገር በአንድ ንጽጽር ይታያል። በዚህ ጨዋታ ትልቁ የግለሰብ ክብር የሃይስማን ሽልማት ነው። የ1939 ተሸላሚ የአይዋው ናይል ኪኒክ በ1918 ተወለደ፤ የባሕር ኃይል አብራሪ ሆኖ በሰኔ 1943 በሥልጠና በረራ ላይ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። የ1943 ተሸላሚ የኖትር ዳሙ አንጀሎ በርቴሊ የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ በማሪን ጦር ተጠርቶ ሄደ፤ ኢዎ ጂማ ላይ ተዋጋ። ብላንቻርድ በ1945፣ ዴቪስ በ1946 ተሸለሙ፤ ጦርነቱን ሳያዩ። በኪኒክና በእነዚህ ሁለት መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ዓመት ነው፤ ተሰጥኦም ጀግንነትም አይደለም፤ የልደት ዓመት ነው።

የሰው ኃይል ድልድል ያልኩትን ነጥብ ለመጠራጠር የፈለገ ሰው የዚያን ዓመት የመጨረሻ የደረጃ ሰንጠረዥ ይመልከት። አንደኛ ዌስት ፖይንት፤ ሁለተኛ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፤ ሦስተኛ ራንዶልፍ ፊልድ፣ እርሱ ቴክሳስ የሚገኝ የአየር ኃይል ጣቢያ ነው፤ አራተኛ የባሕር ኃይል አካዳሚ፤ አምስተኛ ቤንብሪጅ፣ እርሱም የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ጣቢያ ነው፤ ስድስተኛ አይዋ የሚገኝ የባሕር ኃይል አብራሪዎች ቅድመ ሥልጠና ትምህርት ቤት። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት አንድ ሲቪል ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው ያለው። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ኮከብ፣ የዓመቱ የሃይስማን ተሸላሚ ሌስ ሆርቫት፣ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነበር። የአገሪቱ ጉልበት የት እንዳለ ይህ ዝርዝር ከማንኛውም የሕዝብ ቆጠራ በላይ ይናገራል።

የዚያ ዓመት የኖትር ዳም ቡድን ምን ይመስል እንደነበር ሳይነገር 59 ለ0 መባሉም ልክ አይደለም። በ1943 የአገሪቱ አሸናፊ የነበረው ቡድን በርቴሊን ብቻ አይደለም ያጣው፤ አሰልጣኙ ፍራንክ ሌሂም ባሕር ኃይል ገብቶ ነበር። በሌሂ የለመዱት፣ ያደጉት ልጆች በየጦር ግንባሩ ተበትነው፣ ሜዳ የቀረው ልጅ ከሞላ ጎደል ገና ጢሙ ያላበቀለ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም ዌስት ፖይንት 48 ለ0 አሸነፈ። ከዚያ ጦርነቱ አለቀ፤ ሰው ተመለሰ። ኅዳር 9 ቀን 1946 ሁለቱ ቡድኖች በያንኪ ስታዲየም በ74,000 ተመልካች ፊት ተገናኙ። ብላንቻርድም ዴቪስም ነበሩ፤ ብሌክም ነበር። በሌላው ወገን ሌሂ ተመልሷል፤ ሁለት ዓመት በባሕር ኃይል አገልግሎ የመጣው ጆኒ ሉጃክ ተመልሷል። ውጤቱ 0 ለ0። ብላንቻርድ አምልጦ ከፊቱ ሉጃክ ብቻ ቀርቶ ሳለ፣ ሉጃክ እግሩን ይዞ ጣለው። ብላንቻርድ በዚያ ዓመት ጉልበቱ ተጎድቶ እንደነበር አልዘነጋሁም። ይህም ሆኖ ከ59 ለ0 እስከ 0 ለ0 ያለውን ርቀት አንድ ጉልበት ብቻ አይሞላውም። በመካከሉ ያለው ከጦርነት የተመለሰ ትውልድ ነው።

በሰንጠረዡ ላይ ጨርሶ ያልታዩም አሉ። የ1944 ቡድን ሁሉም ተጫዋቾች ነጮች ነበሩ። በዚያ ወቅት የአሜሪካ ጦር በዘር ተከፋፍሎ ይዋጋ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን መለያየቱ እንዲቀር ያዘዙት ሐምሌ 26 ቀን 1948 ነው። በዋናው የፉትቦል ቡድን ተሰልፎ የክብር ምልክት ያገኘው የመጀመሪያው ጥቁር የዌስት ፖይንት ተማሪ ጋሪ ስቲል ሲሆን፣ ይህ የሆነው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለ መጠለያው ፍትሐዊነት የሚከራከር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በሩ ለማን ዝግ እንደነበር ቢጠይቅ ይሻላል። የጥቁሩ ወጣት ጉልበት ለጥይት ማመላለሻ ተፈልጓል፤ ለባልቲሞሩ ሜዳ ግን አልተጠራም።

አሁን ወደ ቡድኑ አምበል ልምጣ። ብዙዎቻችን ብላንቻርድንና ዴቪስን እናውቃለን፤ የ1944ን ቡድን የመራው ግን ቶም ሎምባርዶ የተባለ ተጫዋች ነው። ስሙ በክርክር ውስጥ ሲነሣ ብዙም አልሰማም። ሎምባርዶ በሰኔ 1945 ተመረቀ፤ ጀርመን እጇን ከሰጠች አንድ ወር ገደማ ሆኗት ነበር፤ ጃፓን ግን ገና አልሰጠችም። መጠለያው ሥራውን ሠርቷል፤ ትልቁ ጦርነት ሳያገኘው አመለጠ። በሰኔ 1950 የኮሪያ ጦርነት ተነሣ። ሎምባርዶ በመስከረም 1950 ኮሪያ ውስጥ በውጊያ ላይ ሞተ። ከእርሱ በኋላ፣ የ1949 ቡድን አምበል ጆን ትሬንት በኅዳር 1950 እዚያው ወደቀ። የሁለት ዓመታት ሁለት አምበሎች በአንድ መጸው። ተማሪዎቼ መጠለያ ነበር ሲሉ እስማማለሁ፤ ነፃ መውጫ ነበር ሲሉ ግን እነዚህን ሁለት ስሞች አስነሣለሁ። መንግሥት ለእነዚህ ወጣቶች የሰጣቸው ምሕረት አልነበረም፤ ቀጠሮ ነበር። ቀጠሮውን ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚያመልጥ ደግሞ እንደገና የዕድል ጉዳይ ሆነ። ብላንቻርድ አየር ኃይል ገብቶ በቬትናም ብዙ በረራ አድርጎ በ1971 በብርጋዴር ጄኔራልነት ጡረታ ወጣ። እርሱና ዴቪስ በ1947 ለሙያ ቡድን ለመጫወት ፈቃድ ጠይቀው የጦር ሚኒስቴር ከለከላቸው፤ ቀጠሮው መሻሪያ እንዳልነበረው ከዚህም ይታያል።

ኮሪያ ላይ ስደርስ ከእኛ ታሪክ ጋር እውነተኛ መገናኛ አለ። ሎምባርዶ ከሞተ ከስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ በግንቦት 1951፣ የቃኘው ሻለቃ ቡሳን ወደብ ደረሰ፤ በአሜሪካው ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ከሠላሳ ሁለተኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጡት እነዚህ ወታደሮች ስማቸው በጀግንነት ብዙ ተጽፏል። ክቡር ዘበኛ የስፖርት ቤትም እንደነበር፣ ኮሪያ ደርሶ የተመለሰው ማሞ ወልዴም የዚህ ተቋም ልጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሜክሲኮ ከተማ በ1968 በማራቶን ወርቅ ያመጣው እርሱ ነው። አንድ የጦር ተቋም ወጣትን ከውጊያ ያቆያል ወይስ ለውጊያ ያዘጋጃል፣ ስፖርቱስ የትኛውን ያገለግላል የሚለው ጥያቄ፣ ከዌስት ፖይንት ይልቅ በእኛ መዛግብት ላይ ቢጠየቅ የተሻለ መልስ ሊኖረው ይችላል። የሦስተኛ ዲግሪ ርእስ ላላገኙት ተማሪዎቼ ይህን እዚሁ ትቻለሁ፤ የክቡር ዘበኛን የስፖርት እንቅስቃሴ ከሠራዊቱ የሰው ኃይል መዝገብ ጋር አጣምሮ የሚያጠና ሰው በደስታ አማክራለሁ።

ሰዓታችን እያለቀ ስለሆነ በዚህ ላብቃና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል። ከኋላ በኩል ከተቀመጡት እንጀምር፤ ማይክሮፎኑን አሳልፉላቸው።